እሳቱ ከመለኮሱ በፊት የቦይለሩ ገንዘብ ይቀመጥ

ይድረስ፦ የቱሪስት ባቡር መስመሮችን ለምታስተዳድሩ፣ በቦርድ ለምትመሩ፣ እንዲሁም በጉልበታችሁና በኪሳችሁ ለምታቆሟቸው በጎ ፈቃደኞች

ጉዳዩ፦ ባቡሩን የሚጎትተው የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ወጪውን ይመጥናል ወይ ስለሚለው ክርክር

የአክብሮት ሰላምታዬ ባላችሁበት ይድረሳችሁ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የእንፋሎት ባቡርን ከሚወዱት ወገን ሆኜ ነው። በአንድ የቱሪስት መስመር ወርክሾፕ ውስጥ ለዓመታት አመድ ዝቄአለሁ፤ ውሃው ፈልቶ እንፋሎት የሚሆንበትን የብረት ጋን፣ ቦይለሩን፣ አጥቤአለሁ፤ የተበላ ቱቦ እየመዘዝኩ በአዲስ ተክቻለሁ። ስለዚህ ቀጥሎ የምለው ለአንዳንዶቻችሁ የሚመር ቢሆንም ከጥላቻ የመጣ እንዳይመስላችሁ አደራ እላለሁ። በደብዳቤው የማነሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክርክሩን ታውቁታላችሁ። አንዱ ወገን "ጭሱና ፊሽካው ከሌለ ማን ትኬት ይቆርጣል?" ይላል። ሌላው ደግሞ "ለአንድ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ በሚወጣው ገንዘብ የናፍጣው ስንት ዓመት ይሠራል!" ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ሁለቱም ግን የሚቆጥሩት በበጀት ዓመት ነው። የእኔ ሙግት ይሄ ነው፦ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ሒሳብ በበጀት ዓመት ሊሠራ አይችልም፤ የሚሠራው በቦይለሩ ዕድሜ ነው። ከአንድ ትልቅ ጥገና እስከሚቀጥለው ድረስ ያለውን ዘመን እንደ አንድ ዓመት አድርጎ ያልቆጠረ መስመር "አተረፍኩ" በሚልበትም ዓመት እየከሰረ ነው።

ይህን ያስተማረኝ ያገለገልኩበት መስመር ነው። ስሙን አልጠቅስም፤ ሰዎቹም ክፉዎች አልነበሩም። ሎኮሞቲቩ ከትልቅ ጥገና ወጥቶ ሥራ ሲጀምር ሕዝብ ጎረፈ። በየዓመቱ መጨረሻ የሚቀርበው ሪፖርት ትርፍ ያሳያል፤ በትርፉም ጣቢያው ይቀባል፣ የመኪና ማቆሚያው ይሰፋል፣ የመታሰቢያ ዕቃ መሸጫው ይታደሳል። ሁሉም የሚያስፈልጉ ነገሮች ነበሩ። በ10ኛው ዓመት የቦይለሩ ምስክር ወረቀት ጊዜው አበቃ፤ እሳቱም ጠፋ። ካዝናው ሲታይ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ የለም። ሎኮሞቲቩ ሸራ ለብሶ ከወርክሾፑ ጀርባ ቆመ፤ እኛም ለጠየቀን ሁሉ "ለሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል" ማለት ጀመርን። ሸራው ተቀደደ፣ ዝናብ ገባ፣ ዓመቱም አለፈ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። ለ10 ዓመት ትርፍ ስንለው የኖርነው ገንዘብ ለካ የቦይለሩ ገንዘብ ኖሯል።

ሰው ስለ እንፋሎት ወጪ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠቅሰው ነዳጁን ነው። እውነት ነው፣ ሎኮሞቲቩ ሆዳም ነው። ከሚነደው የድንጋይ ከሰል ሙቀት ውስጥ ጎማውን ለማዞር የሚተርፈው ብዙ ጊዜ ከመቶ 6 ወይም 8 እጅ ያህል ብቻ ነው፤ ቀሪው በአብዛኛው በጭስ ማውጫው በኩል ወደ ሰማይ ይሄዳል። የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ከመቶ 30 እጅ ገደማ ይጠቀማል። ነገር ግን ጉዞው አጭር፣ ፍጥነቱም ዝግ ያለ በሆነበት የቱሪስት መስመር ላይ ከነዳጁ ይልቅ የሚከብደው የሰው ሰዓት ነው። የናፍጣው ነጂ ጠዋት መጥቶ ዘይትና ውሃ አይቶ ሞተሩን ያስነሳል። የእንፋሎቱ ሰው ግን ጎህ ሳይቀድ እሳት ማያያዝ አለበት። የቀዘቀዘ ቦይለር በጥድፊያ አይሞቅም፤ ብረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ካልሰፋ መጋጠሚያው ይላላል፣ ይሰነጠቃልም። ትንሹ ሰዓታት ይፈጃል፤ ትልቁ ከዋዜማው ጀምሮ ይሞቃል። ከዚያ ነጂና እሳት አንዳጅ ሆነው ሁለት ሰው ይወጡበታል። ማታ ምድጃው ይጠረጋል፣ አመዱ ይዛቃል፣ የጭስ ሳጥኑ ይጸዳል። በየጥቂት ሳምንቱም ውሃው ተደፍቶ ውስጡ በኃይለኛ ውሃ ይታጠባል። ይህ ሁሉ ሰዓት ወይ ደመወዝ ነው፣ ወይ የበጎ ፈቃደኛ ጉልበት። የበጎ ፈቃደኛም ጉልበት ያልቃል፤ ሲያልቅ ደግሞ ድምፅ አያሰማም፤ ሰውየው አንድ ቅዳሜ ይቀራል፣ ከዚያም ጭራሽ ይቀራል።

ቦይለሩን በቅርብ ላላየው ትንሽ ላብራራ፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚያ ነውና። ምድጃው የብረት ወይም የመዳብ ሳጥን ነው። ጎኖቹንና ጣሪያውን ውሃ ከቧቸዋል። የውስጡን ሳጥን ከውጭው ግድግዳ ጋር አስረው የያዙት በመቶዎች የሚቆጠሩ ማያያዣ ብሎኖች ናቸው። ከምድጃው የሚወጣው ትኩስ ጭስ በውሃው መካከል በተዘረጉት ቱቦዎች ውስጥ ሮጦ ወደ ጭስ ሳጥኑ ይደርሳል፤ ውሃው የሚፈላው በዚህ መንገድ ነው። ይህን ሥራ የሚያጠፉት ጠላቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ውሃው ራሱ ነው፤ ያልታከመ ውሃ ቱቦው ላይ የኖራ ቅርፊት ይጋግራል፣ ከሥር ከሥርም ብረቱን ይበላል። ሁለተኛው የሙቀቱ መለዋወጥ ነው። ቦይለርን የሚጎዳው እሳቱ ከሚነድበት ሰዓት ይልቅ የሚቀጣጠልበትና የሚቀዘቅዝበት ሰዓት ነው። እነዚህ ሎኮሞቲቮች በመደበኛ አገልግሎት ላይ ሳሉ ለቀናት ሳይቀዘቅዙ ይሠሩ ነበር። እኛ ጋ ግን ቅዳሜ ይሞቃል፣ ሰኞ ይቀዘቅዛል፣ ቅዳሜ ደግሞ እንደገና ይሞቃል። "እኛ በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ስለምናነደው አይጎዳም" የሚል አስተዳዳሪ ስሰማ የምሰጋው ለዚህ ነው።

ሕጉም ይህን ያውቃል። በብሪታንያ የተለመደው የቦይለር ምስክር ወረቀት ዕድሜ 10 ዓመት ነው። በአሜሪካ ደንብ ደግሞ ሎኮሞቲቩ 1,472 የሥራ ቀን ሲሞላው ወይም 15 ዓመት ሲደርስ፣ ከሁለቱ በቀደመው፣ ተፈትቶ ይመረመራል። የአሜሪካው ደንብ ይህን መልክ የያዘው ከአንድ አደጋ በኋላ ነው። በሰኔ 1995 በፔንሲልቬንያ፣ ጌቲስበርግ አቅራቢያ፣ ቱሪስት ጭኖ ይጓዝ የነበረ ባቡር ሎኮሞቲቭ ውስጥ ውሃው አንሶ የምድጃው ጣሪያ ራቁቱን ቀረ። ውሃ የተለየው ብረት ግሎ ላላ፤ እንፋሎቱም ሠራተኞቹ ወደቆሙበት ክፍል ፈነዳ። ሦስት ሰዎች ተቃጠሉ። ማንም አልሞተም፤ ከዚያ የባሰ እንዳይሆን የረዳው የጣሪያው ማያያዣዎች የተሠሩበት ብልሃት ነው፤ ጣሪያው በአንዴ እንዳይገነጠል፣ በየተራ እንዲለቅ አድርጎታል። ምርመራው ያወጣው ምክንያት ግን ተራ ነገር ነበር፦ የውሃ መመልከቻው መስታወት በአግባቡ አልተያዘም፤ ሠራተኞቹም በቂ ሥልጠና አላገኙም። ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀነሰው ጥቃቅኑ ጥገናና ሥልጠናው መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ሥራ ይመስለኛል።

ትልቁ ጥገና የት ድረስ ሊሄድ እንደሚችል ለማየት ዝነኛውን ፍላይንግ ስኮትስማን ማንሳት ይበቃል። በ1923 የተሠራውን ይህን ሎኮሞቲቭ የብሪታንያ ብሔራዊ የባቡር ሙዚየም በ2004 በ2.3 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው። በ2016 ወደ ሀዲድ እስኪመለስ ድረስ ለጥገናው የወጣው ደግሞ 4.2 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። በዚያው አገር በ1990 የተጀመረ ማኅበር ቶርናዶ የተባለውን ሎኮሞቲቭ ከባዶ ሠርቶ በ2008 ሥራ ሲያስጀምር የፈጀው 3 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ነበር። ዘመኑና ሁኔታው ቢለያይም የሁለቱ አኃዝ መቀራረብ የሚናገረው ነገር አለ፦ "አሮጌው በእጃችን ስላለ ርካሽ ነው" የሚለው ሐሳብ አያስኬድም። እነዚህ በእርግጥ በዋናው መስመር ላይ የሚሮጡ ግዙፎች ናቸው፤ በጠባብ ሀዲድ ላይ የሚሄደው ትንሹ ከዚህ በእጅጉ ያንሳል። የገቢውም መጠን ግን አብሮ ያንሳል።

ከቶርናዶ ሰዎች የምወደው ገንዘብ ያሰባሰቡበትን መንገድ ነው። ደጋፊዎቻቸው በየወሩ ትንሽ ትንሽ ለማዋጣት ቃል ገቡ፤ ያንን ቃል ለዓመታት ጠበቁ። አንድ ትልቅ ለጋሽ ይመጣል ብለው አልተቀመጡም። ቦይለርም የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ገንዘብ ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ለምሳሌ ያህል የምወስደው ነው እንጂ የየትኛውም መስመር አኃዝ አይደለም። ትልቁ ጥገና በማንኛውም ገንዘብ 1,000,000 ይፈጃል እንበል። ሎኮሞቲቩ በዓመት 60 ቀን ለ10 ዓመት ቢነዳ 600 ቀን ይሆናል። እያንዳንዱ የእሳት ቀን ለቦይለሩ 1,667 ያህል ማስቀመጥ አለበት ማለት ነው። በዚያ ቀን 200 ተሳፋሪ ካለ ከእያንዳንዱ ትኬት ላይ ከ8 ትንሽ በለጥ ያለ ይነሳል፤ ማንም አይከብደውም። 40 ተሳፋሪ ብቻ ካለ ግን ከአንድ ሰው ወደ 42 ይነሳል፤ ያውም ከነዳጅ፣ ከደመወዝ፣ ከሀዲድ ጥገናና ከኢንሹራንስ በፊት። የመጀመሪያው መስመር እንፋሎት ይገባዋል። ሁለተኛው አይገባውም፤ ወይም የሚያነድባቸውን ቀናት ቀንሶ ሰው በሚበዛባቸው ላይ ብቻ መሰብሰብ አለበት።

እዚህ ላይ ብዙ መስመር የሚሳሳትበት ነገር አለ። የምስክር ወረቀቱ ቀን መቁጠሪያ ሎኮሞቲቩ ቢነዳም ባይነዳም ይሮጣል። በአሜሪካው ደንብ 1,472 ቀን ለ15 ዓመት ሲካፈል በዓመት 98 ቀን ያህል ይሆናል፤ ከዚያ በታች የሚያነድ ሰው ያልተጠቀመበትን ቀን ጭምር ይከፍላል። ስለዚህ ከላይ ያልኳቸውን 60 ቀናት በሁለት ሎኮሞቲቭ ብንከፍላቸው ሁለት ቦይለር እኩል ያረጃል፤ የእያንዳንዱ የእሳት ቀን ድርሻም ወደ 3,333 ያድጋል። ከተቻለ አንድ የሚነድ፣ አንድ በጥገና ላይ ያለ፣ ሌላው ሁሉ ደረቅ ጣሪያ ሥር የተቀመጠ ይሁን። አራት አምስት ሎኮሞቲቭ በአንድ ላይ አስነስቶ ፎቶ መነሣት የሚያስደስት መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔም ፎቶው ውስጥ ቆሜ ነበር። ያ ደስታ ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ብዙ ምስክር ወረቀት በአንድ ዘመን ጊዜው እንዲያበቃ ያደርጋል።

አሁን ወደ ተሳፋሪው ልምጣ። ሰው የሚመጣው ለምንድነው? ይህን ጥያቄ በቅንነት ያልመለሰ መስመር ምንም ዓይነት ሒሳብ ቢሠራ አይጠቅመውም። በአሪዞና የግራንድ ካንየን ባቡር ከዊልያምስ ከተማ ተነሥቶ ወደ ግራንድ ካንየን ሸለቆ ደቡብ አፋፍ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። በ2008 የእንፋሎት ጉዞውን አቆመ፤ የዘወትሩ ባቡር የሚሄደው በናፍጣ ነው። ሰው ግን መምጣቱን አልተወም፤ የመጣው ሸለቆውን ሊያይ ነውና። በኋላ አንድ ሎኮሞቲቭ ያገለገለ የምግብ ዘይት እንዲያነድ ተደርጎ በተመረጡ ቀናት ብቻ ተመለሰ። በአላስካ ከስካግዌይ ወደብ ወደ ተራራው የሚወጣው የኋይት ፓስ ባቡርም አብዛኛውን ጉዞውን የሚያደርገው በናፍጣ ነው፤ በመርከብ የመጣው ጎብኚ ገደሉንና በረዶውን ያያል፣ ይመለሳል። እነዚህ መስመሮች ልክ ናቸው ብዬ አምናለሁ። እንፋሎት ወዳጅ ነኝና ይህን ስል ይከብደኛል፤ ግን ልክ ናቸው።

በኒው ሃምፕሸር የማውንት ዋሽንግተን ባለ ጥርስ ሀዲድ ባቡር ጉዳይ ይበልጥ ያሳዝናል፤ ከ1869 ጀምሮ በእንፋሎት ተራራ ሲወጣ የኖረ ነው። አንድ ጉዞ አንድ ቶን ያህል ከሰልና ወደ 3,800 ሊትር ውሃ ይፈጅ ነበር። ከ2008 ጀምሮ በባዮዲዝል፣ ማለትም ከዕፅዋት ዘይትና ከመሳሰለው በሚዘጋጅ ነዳጅ፣ የሚሠሩ ሎኮሞቲቮች ገቡ፤ እንፋሎቱ ግን ጨርሶ አልጠፋም፣ ለጥቂት ጉዞ ተጠብቆ ቆየ። ያኔ ብዙ ወዳጆች ተቆጥተው ነበር። እኔ ግን ዛሬ ሳስበው፣ ሁሉንም ጉዞ በእንፋሎት ለማድረግ ሲታገሉ ሁሉንም ከማጣት፣ አንዱን በክብር ማቆየት ይሻላል እላለሁ።

በሌላ በኩል ሎኮሞቲቩ ራሱ መስህብ የሆነባቸው መስመሮች አሉ። በጀርመን ሃርትስ ተራሮች ውስጥ ባለው 140 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆነው የጠባብ ሀዲድ መረብ ላይ፣ 1,141 ሜትር ከፍታ ወዳለው ብሮከን የሚወጡት ባቡሮች የሚጎተቱት በእንፋሎት ነው። አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩት በ1950ዎቹ የተሠሩ፣ 10 የሚጎትቱ ጎማዎች ያሏቸው ሎኮሞቲቮች ናቸው። ዳገቱን ሲይዙት የሚሰማው የጭስ ማውጫ ምት፣ ነፋሱ ወደ ፉርጎው መስኮት የሚመልሰው የእንፋሎት ጉም፣ ይህ ሁሉ ከተራራው እኩል ሰው ይጠራል። በዚያው መረብ ጸጥ ባሉት መስመሮች ላይ ግን ባለ ናፍጣ ሞተር ፉርጎዎች ይሠራሉ። እሳቱን ሰው በሚያየው ቦታ አስቀምጠውታል።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ አርአያ የህንዱ ዳርጂሊንግ ነው። በ1881 የተጠናቀቀው የሂማላያ መስመር ሜዳውን ከተራራው ከተማ ጋር የሚያገናኝ 88 ኪሎ ሜትር ሀዲድ ነው፤ ስፋቱ 61 ሳንቲ ሜትር ብቻ። በ1999 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ሙሉውን ጉዞ የሚሄደውን ባቡር ናፍጣ ይጎትተዋል። አሮጌዎቹ ትንንሽ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ደግሞ ላይኛው ጫፍ ላይ፣ በዳርጂሊንግና ጉም በሚባለው ጣቢያ መካከል፣ ጎብኚውን ደርሶ መልስ ያመላልሳሉ። ጉዞው አጭር ነው፤ ግን ዳገት አለው፣ ኩርባ አለው፣ ውሃ መቅጃ አለው። በ88 ኪሎ ሜትር ውስጥ ሊሰጥ የሚችለውን ደስታ በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ይሰጣል፤ ብረቱም በዚያው መጠን ያርፋል።

ሌላም የሚረሳ ወጪ አለ፤ የፍም ወጪ። በአሜሪካ፣ ኮሎራዶ የዱራንጎና ሲልቨርተን መስመር 72 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ከ1882 ጀምሮ ይሠራል። በሰኔ 2018 በዚያ አካባቢ የተነሣው እሳት 22,000 ሄክታር ገደማ አቃጠለ። የፌዴራሉ መንግሥት እሳቱ የተነሣው ከሎኮሞቲቩ ጭስ ማውጫ በወጣ ፍም ነው ብሎ ከሰሰ፤ በ2022 ባቡሩ 20 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ከዚያ ወዲህ ናፍጣ ሎኮሞቲቮች ገብተዋል፤ ከሰል ያነዱ የነበሩትም ወደ ዘይት ተቀይረዋል። በአውስትራሊያ የፓፊንግ ቢሊ መስመር ሙሉ የእሳት እገዳ በታወጀባቸው ቀናት እንፋሎቱን አቁሞ በናፍጣ ይጎትታል። የፍም ወጪ ባትቃጠሉም ይኑር፦ ከባቡሩ ኋላ የሚከተል የእሳት ጠባቂ፣ የሀዲዱ ዳር ሣር ማጨድ፣ የጭስ ማውጫ መረብ፣ ኢንሹራንስ። በበጀታችሁ ላይ ይህን ካላየሁ ሒሳቡ አልተሠራም ብዬ ነው የምወስደው።

ከሰሉም ራሱ እየራቀ ነው። በዌልስ ለብዙ የብሪታንያ ቅርስ ባቡሮች ከሰል ይሰጥ የነበረው የፎስ አ ፍራን ማዕድን በ2023 ተዘጋ፤ ከዚያ በኋላ ከሰል ከባሕር ማዶ ማስመጣት የብዙዎቹ ዕጣ ሆነ። "ከሰል ካልሆነ እውነተኛ እንፋሎት አይደለም" የሚሉ ወዳጆቼ ይቅር ይበሉኝ፤ በዚህ አልስማማም። ከ1941 ጀምሮ ከተሠሩት 25 ግዙፍ የአሜሪካ ቢግ ቦይ ሎኮሞቲቮች አንዱ የሆነው 4014 ቁጥር በ2019 ሲታደስ ከከሰል ወደ ዘይት ተቀይሯል። ሕዝቡ ከሀዲዱ ዳር ተሰልፎ ሲጠብቀው ምድጃው ውስጥ ምን እንደሚነድ የጠየቀ አይመስለኝም። ሽታው ይለያል፣ የአካፋው ትዕይንት ይቀራል፤ እሱን አልክድም። ፍሙ ግን ይቀንሳል፣ አመድ የሚዝቀውም ሰው ያርፋል።

ስዊዘርላንድ ከዚህም አልፋ ሄዳለች፤ ይህ ታሪክ ለምን በየስብሰባው እንደማይነሣ ሁልጊዜ ይገርመኛል። በ1892 የተከፈተው የብሪየንስ ሮትሆርን ተራራ ባቡር ናፍጣ ሎኮሞቲቮችም ነበሩት። እንደዚያም ሆኖ ሕዝቡ የሚፈልገው እንፋሎቱን መሆኑን አይቶ በ1992ና በ1996 አዳዲስ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ከፋብሪካ አስመጣ። የሚያነዱት ቀላል ዘይት ነው፤ የሚያሽከረክራቸውም አንድ ሰው ነው። ቦይለሩ ሙቀት እንዳያመልጥ በሚገባ ተሸፍኗል፤ ሌሊትም በኤሌክትሪክ እንዲሞቅ ስለሚደረግ ጠዋት የሰዓታት ጥበቃ የለም። የሰው ሰዓትና የሙቀት መለዋወጥ ብዬ ከላይ ያማረርኩባቸው ሁለት ነገሮች በአንድ ላይ ተቀነሱ። አዲስ ሎኮሞቲቭ መግዛት ለትንሽ መስመር ከባድ ነው፤ ነገር ግን የተሻለ ሽፋንና የሌሊት ማሞቂያ በአሮጌውም ቦይለር ላይ ሊታሰብ ይችላል። ወርክሾፖቻችሁ ቢያንስ ይሞክሩት።

አንድ ነገር ገንዘብ ብቻውን አይገዛም፤ እጅን። የቶርናዶ ሠሪዎች ቦይለሩን ያሠሩት በጀርመን ማይኒንገን በሚገኝ ወርክሾፕ ነው። በኤርትራ ከምፅዋ አስመራ የሚወጣው 118 ኪሎ ሜትር ሀዲድ ከጦርነቱ በኋላ ከ1994 ጀምሮ ሲጠገን ሥራውን የመሩት ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች ነበሩ። በ1938 ጣሊያን ውስጥ የተሠሩት ሎኮሞቲቮች እንደገና የተንቀሳቀሱት እነዚያ ሽማግሌዎች የየትኛው ብሎን ጠባይ ምን እንደሆነ ስለሚያስታውሱ ነው። በ2003 ባቡሩ አስመራ ሲደርስ ያደረሰው ከብረቱ ይልቅ ትዝታቸው ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በዌልስ ያለው የፌስቲኒዮግ ባቡር ደግሞ በራሱ ወርክሾፕ በ1979ና በ1992 አዳዲስ ሎኮሞቲቮች ሠርቷል፤ ዕውቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ስላልተቋረጠ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሽማግሌ ቦይለር ሠሪ አጠገብ አንድ ወጣት አቁሙ፤ ደመወዙም በቦይለሩ ሒሳብ ውስጥ ይግባ። ቱቦ ማስፋት፣ ሪቬት መምታት፣ የምድጃ ብረት መበየድ በጽሑፍ ብቻ አይተላለፍም።

ለገቢው ደግሞ አንድ ሐሳብ አለኝ። ተሳፋሪው ሎኮሞቲቩን የሚያየው ከመነሣቱ በፊት ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ፉርጎ ውስጥ ገብቶ መስኮት ያያል። እኛ ግን ከዚያ በፊት ለሰዓታት የምናየው ነገር አለ፦ በጨለማ ውስጥ የመጀመሪያው ጭራሮ ሲቀጣጠል፣ የግፊት መለኪያው መርፌ ከዜሮ ሲነቃነቅ፣ ቀዝቃዛው ብረት ማንኮሻኮሽ ሲጀምር። ይህን ለጥቂት ሰዎች በክፍያ አሳዩ። ቦይለር ሲታጠብ፣ ቱቦ ሲመዘዝ ልጆች ይዩ። ወጪ የምንለው ሥራ ራሱ የሚታይ ነገር ነው፤ ደብቀነው የኖርነው እኛ ነን። የእንፋሎት ቀን ትኬት ከናፍጣው ቀን ትኬት ይወደድ፤ ለምን እንደተወደደም ትኬቱ ላይ ይጻፍ። ሎኮሞቲቩ ሲበላሽ ደግሞ ተሳፋሪው ጣቢያ ሳይደርስ ይነገረው፤ በእንፋሎት ፎቶ ተጠርቶ በናፍጣ የተሳፈረ ልጅ ፊቱ ምን እንደሚመስል ብዙ ጊዜ አይቻለሁና።

"እንግዲያው አይቀጣጠል፣ በሙዚየም ይቀመጥ" ለሚሉትም አንድ ቃል አለኝ። ቀዝቃዛ ሎኮሞቲቭ ብዙ ያስተምራል፤ ነገር ግን እሳት ሲገባበት እንደሚተነፍስ አያስተምርም። ልጁን ከጎኑ አቁሞ ሙቀቱ ፊቱን ሲነካው ያየ አባት ይህን ያውቃል። ለዚያ የሚከፈል ዋጋ ተገቢ ነው ብዬ በሙሉ ልቤ አምናለሁ። የምለምነው ዋጋው በጊዜው እንዲከፈል ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤያችሁ አባላቱ ፊት ይህ እንዲቀርብ እጠይቃለሁ፦ የእያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ ምስክር ወረቀት የሚያበቃበት ቀን፣ ባለሙያ የገመተው የጥገናው ወጪ፣ ዛሬ ለዚሁ ጥገና ብቻ በተለየ የባንክ ሒሳብ ውስጥ ያለው ገንዘብ፣ እና እስከዚያ ቀን ድረስ የቀሩት የእሳት ቀናት። ልዩነቱን ለቀናቱ አካፍሉት። የሚወጣውን አኃዝ የሚችል ትኬት ካላችሁ አንድዱ። ከሌላችሁ ሎኮሞቲቩን ውሃውን አድርቃችሁ፣ ዘይት ቀብታችሁ፣ ጣሪያ ሥር አስገቡት፤ ገንዘቡ እስኪሞላም ናፍጣው ይጎትት። የባንክ ሒሳቡም ገንዘቡን ለጣቢያ ቀለም ማውጣት በማይችሉ ሁለት ፈራሚዎች ይያዝ።

ከአክብሮት ጋር

አንድ የቀድሞ የቦይለር ሠራተኛ